ማውስ ስለ ነፈጉኝ ለኃላፊዬ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ አቶ ሱራፌል
የመሣሪያዎችና የመረጃ ደኅንነት መምሪያ ኃላፊ
ላቪንግተን፣ ናይሮቢ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የቤተሰብዎን ጤና፣ ቀጥሎም የቀኝ እጅዎን ጤና፣ በተለይ ደግሞ የአመልካች ጣትዎን ጤና አጥብቄ እጠይቃለሁ። ይህች ጣት ባለፈው ዓመት አንድ ጊዜ ጠቅ ብላ በኢምባካሲ ቢሯችን የነበረውን ማውስ ሁሉ ከየጠረጴዛው ያስነሣች በመሆኗ፣ ለእርሷ ልዩ ክብር ካልሰጠሁ ምስጋና ቢስ እሆናለሁ። እኔም ደኅና ነኝ ብዬ ልቀጥል አስቤ ነበር፤ ሆኖም ሰው ሁሉ በሚያነበው ግልጽ ደብዳቤ ላይ መዋሸት ስለሚያሳፍር፣ ፈርቻለሁ ብዬ ብቀጥል ይሻላል።

እርስዎ ያውቁኛል። ለሌሎቹ አንባቢዎች ግን ማዕዶት እባላለሁ። ሥራዬ፣ ከኢምባካሲ ወደ ጁባ ዕቃ በሚያመላልሰው አውሮፕላናችን ሆድ ውስጥ የትኛው ጭነት ከፊት፣ የትኛው ከመካከል፣ የትኛው ከኋላ እንደሚቀመጥ ማስላት ነበር። ይህ ሥራ ከሩቅ ሲያዩት ሻንጣ እንደ መደርደር ያለ ነው። ከቅርብ ግን፣ ከባዱ ዕቃ ያለ ቦታው ወደ ጅራት ከሄደ አውሮፕላኑ ሲነሣ አፍንጫው ከሚገባው በላይ ወደ ሰማይ ይቀናል፤ አብራሪው መልሶ ሊያወርደው ይታገላል፤ ላይሳካለትም ይችላል። በሰላም ካልሆነ በቀር ከዚያ በኋላ ያለውን ማሰብ ስለማልወድ ዓመታት ሙሉ በጥንቃቄ ሠርቻለሁ።

ይህን ጉዳይ በአደባባይ ያወጣሁት ላሳጣዎት ፈልጌ እንዳልሆነ እንዲረዱልኝ እለምናለሁ። ቀደም ብዬ የላክኋቸው ደብዳቤዎች ሁሉ «መልእክትዎ ደርሶናል፤ ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን» የሚል መልስ አግኝተዋል። መልሱን የሚልከው ማሽን ትዕግሥቴ ማለቁን የሚያውቅበት መንገድ ስለሌለው፣ ሰው ቢያነበው ይሻላል ብዬ ነው።

ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

፩ኛ. ስለ ንጹሑ ጠረጴዛ

በአንድ ሠራተኛ ፍላሽ የገባ ቫይረስ ኮምፒውተሮቻችንን ቀናት ሙሉ እንዳንገላታ አስታውሳለሁ። ያን ጊዜ እርስዎ የሌባ መግቢያ ያሉትን ሁሉ ለመዝጋት መወሰንዎ ትክክል ነበር፤ በዚህ አልከራከርም። የላፕቶፖቻችን የዩኤስቢ ቀዳዳዎች በሲሊኮን ተደፈኑ፤ ብሉቱዙም ተዘጋ። ፍላሹ በገባበት በር የሚገቡት ማውሶችም አብረው ተባረሩ፤ በአንድ ካርቶን ታጭቀው፣ ሽቧቸው እርስ በርሱ ተጠላልፎ ሲወጡ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ጠረጴዛዎቻችን እጅግ ያምራሉ። ጎብኚ ሲመጣ ሁሉም ፎቶ ያነሣቸዋል።

የቀረልን ከኪቦርዱ በታች ያለው፣ በጣት እየዳሰሱ የሚሠሩበት ሰሌዳ፣ ማለትም ትራክፓዱ ነው። ስለ እርሱ ክፉ እንድናገር አይጠብቁ። በማታቱ፣ ማለትም በሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ላፕቶፕ ጭን ላይ አስቀምጦ ደብዳቤ ለማንበብ ከእርሱ የሚሻል የለም። ሽቦ የለውም፤ ባትሪ አይጨርስም፤ ጠረጴዛ አይጠይቅም። ገጹን በሁለት ጣት ማንሸራተቱ ራሱ ደስ ይላል፤ ልጄ ሚጣ ካርቱን የምትመርጠው በእርሱ ነው። ለካርቱን አንደኛ ነው።

የእኔ ሥራ ግን ዓይኔን ከሚዛኑ ወረቀት ላይ ሳላነሣ ቁጥሮችን ተራ በተራ መጻፍን ይጠይቃል። በምጽፍበት ጊዜ፣ ከአውራ ጣቴ በታች ያለው የመዳፌ ሥጋ ሰሌዳውን ነካ ካደረገ፣ በስክሪኑ ላይ ያለችው ቀስት ካስቀመጥኳት ቦታ ተነሥታ ሌላ ቦታ ታርፋለች። ድምፅ አታሰማም። ማውስ እጅ ካልሄደበት በቀር ባለበት ይተኛል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት፣ ለእኔ ሥራ፣ ከዚህ አይበልጥም፤ ለመረዳትም መምሪያ ማቋቋም አያስፈልገውም።

ሰው በሚጽፍበት ጊዜ ትራክፓዱን የሚያስተኛ ማስተካከያ እያንዳንዱ ላፕቶፕ ላይ አለ። ልከፍተው ስሞክር «በአስተዳዳሪው ተቆልፏል» አለኝ። አስተዳዳሪው እርስዎ ነዎትና ደወልኩ። ጸሐፊዎ፣ ሁሉም ላፕቶፕ አንድ ዓይነት እንዲሆን የተደረገው ለወጥነት ሲባል መሆኑን በትሕትና አስረዱኝ። ወጥነት ምን እንደሆነ ከዚያ በኋላ ነው የገባኝ፤ ሁላችንም በአንድ ላይ መሳሳት እንድንችል ነው።

፪ኛ. ስለዚያ ከሰዓት በኋላ

ዝናቡ በጀመረበት ሰሞን ለአንድ የጁባ ሆስፒታል የሚሄድ ጭነት መጣ። ዋነኛው በጥቁር ሸራ የተጠቀለለ ጄኔሬተር ነበር፤ ከሁለት ቶን በላይ ይመዝናል። ከእርሱ ጋር በነጭ ላስቲክ የታሸጉ የሆስፒታል ፍራሾች ነበሩ፤ ቦታ ይይዛሉ እንጂ ክብደት የላቸውም። በረራውን የሚመሩት ካፒቴን ጫላ ነበሩ። ከእርሳቸው ጋር ረዳታቸውና የአውሮፕላኑ መካኒክ ሔኖክ ይጓዛሉ። ሔኖክ ባለቤቴ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ቆየት ብለው እርስዎም ስለሚያነሡት ነው።

ዕቃው የተደረደረባቸውን መጫኛዎች፣ የፓሌቶቹን ክብደት እየጻፍኩ ነበር። ፕሮግራሙ ፓሌቶችን የሚያሳየው በስም ሳይሆን በመለያ ቁጥር ነው። ጄኔሬተሩ ጋ ስደርስ መዳፌ ሰሌዳውን ነክቶ ኖሯል፤ የጄኔሬተሩ ክብደት ከሥሩ ባለው፣ በፍራሾቹ መጻፊያ ሳጥን ውስጥ ገባ። እኔ ወረቀቱን ነው የማየው። ፕሮግራሙ ደግሞ ባዶ የቀረውን ሳጥን ራሱ ፈልጎ ወደዚያ ስለሚወስድ፣ ቀጥዬ የጻፍኩት የፍራሾቹ ክብደት በጄኔሬተሩ ቦታ ተቀመጠ። ድምሩ ልክ ነው። ስክሪኑ ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ሆነ። ፕሮግራሙም ፍራሾቹን ከባድ ናቸው ብሎ ከመካከል፣ ጄኔሬተሩን ቀላል ነው ብሎ ከጅራት አደረጋቸው። አጸደቅሁትና ለጫኞቹ ላክሁ።

ከዚያ ዝናቡ ወደ ውስጥ ሲረጭ መስኮቱን ልዘጋ ተነሣሁ። ሜዳው ላይ ፎርክሊፍቱ የመጨረሻውን ፓሌት ወደ አውሮፕላኑ በር ያነሣ ነበር። በነጭ ላስቲክ የታሸገ ነው። የአውሮፕላናችን የጭነት በር ከፊት በኩል በመሆኑ፣ ከኋላ የሚቀመጠው ዕቃ አስቀድሞ ይገባል፤ በመጨረሻ የሚገባው ወደ ፊት የሚቀመጠው ነው። ቀላሉ ፍራሽ ቦታው ጅራት ስለሆነ በመጨረሻ ሊገባ አይችልም። ጥቁሩን ሸራ በዓይኔ ፈለግሁት፤ ሜዳው ላይ የለም። በሩ ተዘጋ።

ክቡር ሆይ፣ ፈራሁ። ወደ ወንበሬ ተመለስኩ። ስክሪኑን አየሁ፤ አረንጓዴ ነው። ወረቀቱን አየሁ። መልሼ ስክሪኑን አየሁ። አንድ ሰው መጥቶ «ተሳስተሻል፤ ስክሪኑ ልክ ነው» ቢለኝ ደስታውን አልችለውም ነበር። ቁጥሮቹ ግን ቦታ ተቀያይረዋል። ያን ጊዜ የሞተሩ ድምፅ ተሰማ።

ከአጠገቤ ያለው የሬዲዮ ጠረጴዛ የራጃ ነው። ራጃ የሞያሌ ነጋዴ ልጅ ናት፤ ስትናደድም ስትደሰትም ድምፅዋ አይለወጥም። ምን እንዳልኳት አላስታውስም። ዓረፍተ ነገር እንዳልነበረ ግን ነግራኛለች፤ «ጅራት፣ ጅራት» ብቻ ነው ያልሽው አለችኝ። እርሷ ግን ወዲያው ሬዲዮውን አነሣች። ካፒቴኑ አልመለሱም፤ ከበረራ መቆጣጠሪያ ማማው ጋር እየተነጋገሩ ነበር። ደግማ ጠራች። እኔ የሔኖክን ስልክ ደወልኩ። ሔኖክ ደንብ አክባሪ ስለሆነ አውሮፕላን ውስጥ ሲገባ ስልኩን ያጠፋል፤ ጠፍቷል። በትዳራችን ዘመን ይህን ጠባዩን የረገምኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ በዝናቡ ወጥቼ ሮጥኩ። ምን ላደርግ እንደነበር ዛሬም አላውቅም፤ አውሮፕላን በእጅ አይቆምም። በአጥሩ ዘንድ ጥበቃው ክንዴን ያዘኝ፤ «ማዳም፣ ፖሌ፣ ፖሌ» ይለኛል፣ አይዞሽ ማለቱ ነው። በሽቦው መካከል አውሮፕላኑ ከቆመበት ለቆ ወደ ማኮብኮቢያው ሲንቀሳቀስ አየሁት። ሔኖክ የሚቀመጥበትን መስኮት አውቀዋለሁ። መስኮቱ አለፈ፤ ጅራቱ አለፈ። ጅራቱ እንደ ወትሮው ነበር፤ ከባድ ነገር በውስጡ እንዳለ በውጭ ምንም አይታይበትም። ከሁሉ ያስፈራኝ ይኼ ነው።

አውሮፕላኑ ማኮብኮቢያው ጋ ሳይደርስ ቆመ። ያለ ምክንያት የቆመ መሰለኝ። ቀስ ብሎ ሲዞር ነው ራጃ እንዳገኘቻቸው የገባኝ፤ ያን ጊዜ እዚያው አጥሩ ሥር፣ ውኃው ላይ ተቀመጥኩ።

ካፒቴን ጫላ ደረጃውን ሲወርዱ ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ ሊቆጡም ይገባ ነበር። እንደ አባት የምናያቸው፣ ሰው ሲሳሳት ዝም የማይሉ ሰው ናቸው። ቢሮ ገብተው የሆነውን ከነገርኳቸው በኋላ ግን ኮፍያቸውን አውልቀው አጠገቤ ተቀመጡ።

«አይዞሽ ልጄ» አሉኝ። «ማሽኑን ዝጊውና በወረቀት ከመጀመሪያ አብረን እንሥራው። እኔ አልቸኩልም።»

ሔኖክ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። የራሱን ጃኬት አውልቆ ትከሻዬ ላይ ጣለና ጭነቱን ለማስወረድ ተመልሶ ወጣ። በወረቀት፣ በእርሳስ ሠራነው። ጄኔሬተሩ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ አውሮፕላኑም ሳይመሽ ተነሣ። ስሌቱ ልክ መሆኑን እያወቅሁ፣ ጁባ አረፉ የሚለውን ከራጃ ሬዲዮ እስክሰማ ድረስ ጃኬቱን ከላዬ አላወረድኩም።

፫ኛ. ስለ ፈጣኑ መልስዎ

የሆነውን ሁሉ ሳልደብቅ፣ የእኔ መዳፍ መሆኑንም ጭምር ገልጬ በማግሥቱ ለመምሪያዎ ጻፍኩ። አንድ ማውስ ብቻ፣ ለአንድ ጠረጴዛ ብቻ እንዲፈቀድ ጠየቅሁ። ያ ማሽን እንኳ በዚህ ጊዜ አልመለሰልኝም፤ እርስዎ ራስዎ መለሱልኝ። ይህን ክብር አልረሳውም።

በመልስዎ፣ መንሥኤው «የሰው ስህተት» መሆኑን አረጋገጡልኝ። ጥያቄ አልነበረኝም፤ መዳፉ የእኔ እንጂ የላፕቶፑ አይደለም። በረራውን በማዘግየቴም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጡኝ። አውሮፕላኑ ባይዘገይ ኖሮ ማስጠንቀቂያው ለማን እንደሚጻፍ ብዙ አስቤበታለሁ። ከዚህም በላይ፣ ባለቤቴ በበረራው ላይ ስለነበረ ስለ መሣሪያው የሰጠሁት አስተያየት «ስሜታዊ» ሊሆን እንደሚችል በትሕትና ጠቆሙኝ። እውነት ነው፤ ስሜታዊ ነበርኩ። ካፒቴኑና ረዳታቸው ባሎቼ አይደሉም፤ ለእነርሱም ስሜታዊ ነበርኩ።

በመጨረሻም መዳፍን ከፍ አድርጎ የመጻፍ ሥልጠና እንድወስድ አዘዙ። ወሰድኩ። አሠልጣኟ ወጣት ስክሪን ላይ ሆና የእጅ አንጓችንን እንደ ፒያኖ ተጫዋች አንጠልጥለን እንድንጽፍ አሳየችን። እንዳለችው አደረግሁ። ከሳምንታት በኋላ አንጓዬ አበጠ፤ ቤት ውስጥ ድስት ማንሣት አቃተኝ። እንጀራውን ሔኖክ ከሁርሊንግሃም ሰፈር የሐበሻ ሬስቶራንቶች እየገዛ ይመጣ ጀመር። ከፍ ያለው መዳፌ ብቻ ነው፤ ፍርሃቴ አልለቀቀኝም፤ እያንዳንዱን ቁጥር ከጻፍኩ በኋላ ወረቀቱን፣ ስክሪኑን፣ እንደገና ወረቀቱን አያለሁ፤ ልክ መሆኑን አይቼም አላምንም። ሥራዬ እጥፍ ጊዜ ወሰደ። ስለ መዘግየቱ ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ።

፬ኛ. ስለ በሩ ጥበቃ ንቃት

እዚህ ላይ ደንብ መጣሴን አልክድም። አንድ ቅዳሜ ኢስሊ ገበያ ወርጄ የኮምፒውተር ዕቃ የምትሸጠው ዛራ ሱቅ ገባሁ። መደርደሪያው ሙሉ ማውስ ነው፤ ቀይ መብራት የሚያበራ፣ እንደ ድንች ያበጠ፣ እንደ ሳንቲም የሳሳ። ለሥራዬ የሚስማማውን ለመምረጥ አንድ በአንድ መዳፌ ሥር እያስገባሁ ሞከርኳቸው። የሳሳው ጣቶቼን አጎበጣቸው። ያበጠው ለወንድ እጅ የተሠራ ይመስላል። በመጨረሻ መካከለኛ፣ ሽቦ ያለው፣ ምንም የማያበራ አንዱን ያዝኩና እጄ ዐረፈ። ዛራ ሽቦ የሌለው አይሻልሽም ወይ አለችኝ። ባትሪው በመካከል ቢያልቅብኝስ ብዬ እፈራለሁ አልኳት። ለምን ሥራ እንደምፈልገው ስነግራት ሽቦውን ጠቅልላ ሰጠችኝ፤ ወንድሟ ጁባ እንደሚሠራ የነገረችኝ ልወጣ ስል ነው።

ቀዳዳው በሲሊኮን መደፈኑን አልረሳሁም። መጀመሪያ ማውሱ ይግባ፣ ከዚያ ስለ ቀዳዳው እለምናለሁ ብዬ ነበር። ሰኞ ጠዋት በር ላይ ቦርሳዬ ተፈተሸ። ጥበቃው፣ ያ በዝናብ ክንዴን ይዞ ያጽናናኝ ሰው፣ ማውሱን በሁለት ጣቱ አንሥቶ «ሃኩና ሩሁሳ» አለኝ፤ አልተፈቀደም ማለቱ ነው። ስሜን ጽፎ ያዘው። ዓይኔን አላየም። እርሱንም በእርስዎ ፊት አመሰግናለሁ፤ እንጀራው ነው።

ስለዚህ ከብስኩት ካርቶን ቁራጭ ቆርጬ ትራክፓዱን በፕላስተር ሸፈንኩት፤ በምጽፍበት ጊዜ ተሸፍኖ፣ በማልጽፍበት ጊዜ ተገልጦ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀስቷ አልዘለለችም። ለጥቂት ጊዜ የሰው እንቅልፍ ተኛሁ። ከዚያ የእርስዎ ተቆጣጣሪ መጥቶ ካርቶኑን በጥፍሩ ልጦ አነሣው፤ ሦስተኛው ማስጠንቀቂያም «የድርጅቱን ንብረት ገጽታ በማበላሸት» የሚል ሆነ። ላፕቶፑ ላይ የቀረው የፕላስተር ሙጫ በእኔ ደመወዝ ስላልጸዳ በዚህ አጋጣሚ ላመሰግን።

፭ኛ. ስለ ዕድገቴ

ለውጪ አገር ሰው የሥራ ፈቃድ ምን እንደሆነ እርስዎም ያውቁታል፤ አንድ አገር ሰዎች ነንና። የእኔም የሔኖክም ፈቃድ በዚህ ድርጅት ስም ነው። የሚጣ ትምህርት ቤት፣ የቤታችን ኪራይ ውል፣ ሁሉም በዚያ ላይ ተንጠልጥሏል። ስለዚህ አልሠራም ለማለት ሳስብ ሌላ ዓይነት ፍርሃት መጣብኝ።

ለሔኖክ ነገርኩት። እርሱ መብረሩን እንዲተው ለመንኩት። «ሁለታችንም ከተውን ሚጣን ይዘን ወዴት እንሄዳለን?» አለኝ። «አንቺ ተይ። አንቺ እየፈራሽ በሠራሽው ጭነት ከምበር፣ አንዳችን እንኳ ትክክል የመሰለንን እናድርግ።»

በማግሥቱ ጠዋት፣ የጁባው ጭነት ሲመጣ፣ በዚህ ሰሌዳ ክብደት አላስገባም፤ በወረቀት እሠራለሁ ወይም ማውስ ይሰጠኝ ብዬ ለኢምባካሲው አለቃዬ ተናገርኩ። ደግሜ መናገር ነበረብኝ። ካፒቴን ጫላም እኔ በወረቀት ካልሠራሁት በቀር እንደማይነሡ ተናገሩ። ያን ቀን በወረቀት ተሠራ። በሳምንቱ ካፒቴኑ ወደ ሌላ መስመር ተዛወሩ፤ ለልምዳቸው ክብር ሲባል ነው ተባለ።

እኔንም አላባረሩኝም። ለዚህ በእውነት፣ ያለ አሽሙር አመሰግናለሁ፤ ፈቃዴ አልተነካም። ወደ ላቪንግተን፣ እርስዎ ወዳሉበት ዋና መሥሪያ ቤት አዛውረው የእንግዳ መቀበያ ስልክ እንዳነሣ አደረጉኝ። ዕድገት ነው ተብሎ ተጽፎልኛል። መጀመሪያ ቀን ጠረጴዛዬ ላይ ስቀመጥ አዲስ ማውስ ከነምንጣፉ ተዘርግቶ አገኘሁ። የተሳሳትኩ መስሎኝ ልመልሰው ይዤ ተነሣሁ። ጸሐፊዎ ግን የዚህ ሕንፃ ሰዎች ከክልከላው ውጪ እንደሆኑ፣ ምክንያቱም ቀኑን ሙሉ ትራክፓድ መንካት አመራሩን እንደሚያደክም አስረዱኝ። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት በእርሱ ነው። በእርሱ የማደርገው ሥራ የእንግዶችን ስም ማስገባት ነው። የአንድ እንግዳ ስም በሌላው ቦታ ቢገባ፣ የሚሆነው እንግዳው ትንሽ መቀመጡ ነው።

በኢምባካሲ በእኔ ወንበር ላይ የተቀመጠችው ናፍቆት የምትባል አዲስ ተቀጣሪ ናት። አብረን የሠራነው ለጥቂት ቀን ነው። ጎበዝ ናት፤ ቁጥር ስትጽፍ ከእኔ ትፈጥናለች፤ መዳፏ ግን እንደ እኔው ሰሌዳው ላይ ያርፋል። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ፈራች። ማስፈራቴ ልክ ይሁን አይሁን አላውቅም። አሁን አንዳንዴ ትደውልልኝና ቁጥሮቹን በስልክ ታነብልኛለች፤ እኔ በእንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ሥር ወረቀት ላይ እደምራቸዋለሁ። ይህም ደንብ መጣስ ነው፤ አስቀድሜ አመለከትኩ። በማትደውልበት ቀን ሔኖክ እስኪያርፍ ድረስ ለሚመጣው እንግዳ ሁሉ ፈገግ እላለሁ፤ እግሬ ግን ከጠረጴዛው ሥር አያርፍም።

የምጠይቀው እንግዲህ አንድ ነገር ነው። በኢምባካሲ፣ ከመስኮቱ አጠገብ ባለው ላፕቶፕ፣ ከአንዱ ቀዳዳ ሲሊኮኑ ተልጦ አንድ ሽቦ ያለው ማውስ ይሰካ። የመምሪያዎ ባለሙያ ራሱ ይግዛው፣ ራሱ ይመርምረው፣ ራሱ ይሰካው፤ ከፈለገም በማኅተም ያሽገው። የፎቶው ውበት ቢቀንስ ጥፋቱን በእኔ ስም ይጻፉልኝ፤ አራተኛ ማስጠንቀቂያ ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።

የንጹሕ ጠረጴዛዎች ጠባቂ ለሆኑት ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ያልተነካካ ጠረጴዛና መቼም የማይታክት አመልካች ጣት እየተመኘሁ፣ እርስዎ ባሉበት ፎቅ ሥር፣ ስልክዎ በጠራ ቁጥር አስቀድሜ የማነሣው፣ በፍርሃትና በአክብሮት የምገኝ፣

የቀድሞ የጭነት ሚዛን ባለሙያ፣ የአሁን እንግዳ ተቀባይ
ማዕዶት

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ልዘጋ ስል የጉዞ ፕሮግራምዎ በእጄ አለፈ፤ የጁባውን ቅርንጫፍ ሊጎበኙ ሐሙስ በዕቃ አውሮፕላናችን እንደሚሄዱ አየሁ። ናፍቆት ሐሙስ ጠዋት እንድትደውልልኝ አደራ ብያታለሁ፤ ከደወለች በጥንቃቄ እደምራለሁ፤ ይህን የማደርገው ለእርስዎም ነው። ካልደወለች ግን ስክሪኑ አረንጓዴ መሆኑን ብቻ እናምናለን። የእርስዎ መቀመጫ ከሔኖክ አጠገብ ነው። አውሮፕላኑ ሲነሣ አፍንጫው ትንሽ ከፍ ያለ መስሎ ቢታይዎትና ቢፈሩ፣ እጁን ቢይዙት አይቀየምም፤ እኔ ግን ከዚህ፣ ከስልኩ አጠገብ፣ የሁለታችሁንም እጅ ልይዝ አልችልም።